አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ለምን ከመስመሩ ዝቅ ይላል?

ጥያቄው የመጣው ከሐረር ነው። ጠያቂዋ መምህርት ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ባለፈው ከእናቴ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በረርን። ልናርፍ ስንል መሬቱ በጣም ቀረበን። የቤቶቹን ቆርቆሮ መቁጠር ይቻል ነበር። ድንገት ሞተሩ በኃይል ጮኸ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና አለ። ዞረን ተመልሰን አረፍን። አጠገባችን የነበረ ሰው ‹ፓይለቱ ዝቅ ብሎ ነው፣ ልንከሰከስ ነበር› አለ። እቤት ከገባሁ በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ጅራቱ ግንብ መትቶ ሲሽከረከር የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። ይህን ያህል የተማረ ሰው፣ ይህን ሁሉ መሣሪያ ይዞ፣ በጠራራ ፀሐይ እንዴት መሬት ይስታል? ድሬዳዋስ ያሰጋል? እናቴ ከእንግዲህ በአውሮፕላን አልሄድም ብላለች። ምን ልበላት?»

እህቴ፣ ለአንቺም ለእናትሽም ሰላምታዬ ይድረስ። የድሬ ልጅ ነኝና በአገራችን ደንብ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ብዙ ዓመት አብርሬያለሁ። አሁን ወጣት አብራሪዎችን በሲሙሌተር፣ መሬት ላይ ባለ የበረራ መለማመጃ፣ አሠለጥናለሁ። የጠየቅሽው ነገር ከሥራዬ ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሞተሩ ጩኸት ልጀምር። ያንን እኛ ጎ-አራውንድ እንለዋለን። አብራሪው ማረፉን ይተዋል። ሙሉ ኃይል ይሰጣል፣ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል፣ ጎማውን ይሰበስባል፣ ዞሮ ይመጣል። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ነፋስ ይገለባበጣል። አቧራ ይነሳል። ወፍ ይኖራል። ቀድሞ ያረፈ አውሮፕላን ማኮብኮቢያውን ሳይለቅ ይቆያል። አንዳንዴም አዎ፣ አውሮፕላኑ ከመስመሩ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይገኛል። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ ያስደነገጠሽ ድምፅ አብራሪው በጊዜ መወሰኑን የሚያሳይ ነው። እኔ የምፈራው ያንን ድምፅ መስማት በሚገባን ሰዓት ዝም ብሎ የሚወርደውን አውሮፕላን ነው።

አሁን ወደ ቆርቆሮው እንምጣ። በአብዛኞቹ የዓለም አየር ማረፊያዎች አውሮፕላን ወደ ማኮብኮቢያ የሚወርደው በ3 ዲግሪ ተዳፋት ነው። ጎማው ከሚነካበት ቦታ 10 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ቁመቱ 520 ሜትር ገደማ ነው። 5 ኪሎ ሜትር ሲቀረው 260 ሜትር ይሆናል። 2 ኪሎ ሜትር ሲቀረው 100 ሜትር ብቻ ነው። የማኮብኮቢያውን ጫፍ ሲያልፍ ደግሞ 15 ሜትር ገደማ። ስለዚህ በትክክለኛው መስመር ላይ እየወረደም ቢሆን ቆርቆሮ መቁጠር ይቻላል። ተሳፋሪ በጎን መስኮት ብቻ አይቶ «ዝቅ ብሏል» ማለት አይችልም።

የእኛ አገር መሬት ደግሞ ስሜቱን ያብሰዋል። ከአዲስ አበባ ሲመጣ የሐረርጌ ደጋ በቀኝ በኩል ይታያል። ጋራ ሙለታ ብቻውን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የድሬዳዋው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አየር ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። አውሮፕላኑ እየወረደ ሲመጣ ተራራው በመስኮቱ ትክክል ይሆናል፣ ከዚያም ከበላይሽ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ዝቅ ያልን ቢመስለው አይፈረድበትም። አብራሪው ግን መስመሩን የሚለካው ከማኮብኮቢያው ነው። ተራራውን አስቀድሞ በካርታው ላይ አውቆ፣ ከእሱ የሚርቅበት መንገድ ተሠርቶለት ነው የሚመጣው።

«መሬት እንዴት ይስታል?» ላልሽው፣ አብዛኛውን ጊዜ መሬቱን አይስትም። የሚስተው ማዕዘኑን ነው። 3 ዲግሪና 2 ዲግሪ ተኩል ለሰው ዓይን አንድ ናቸው። 10 ኪሎ ሜትር ሲቀር ግን በመካከላቸው ከ80 ሜትር በላይ ልዩነት አለ።

ዓይን እንዴት እንደሚሳሳት ለማየት አውሮፕላን ውስጥ መግባት አያስፈልግሽም። ከሐረር ወደ ድሬ ስትመጪ ደንገጎን ትወርጃለሽ አይደል? ያንን ቁልቁለት ጨርሰሽ ወደ ከተማው ስትጠጊ መንገዱ ሜዳ የሆነ ይመስልሻል። ሾፌሩ ግን ነዳጅ ሳይሰጥ መኪናው ይሄዳል። መንገዱ ገና እየወረደ ነው። ዓይንሽ ከኋላሽ ካለው ትልቅ ቁልቁለት ጋር አመሳክሮ ነው የተሳሳተው። አብራሪም ያው የሰው ዓይን ነው ያለው። ማኮብኮቢያው ከለመደው የጠበበ ከሆነ፣ ከፍ ብያለሁ ብሎ ያስብና ዝቅ ይላል። ማኮብኮቢያው ወይም ከፊቱ ያለው መሬት ወደ ላይ የሚያዘነብል ከሆነም እንደዚያው። አቧራ ወይም ጭጋግ ካለ ማኮብኮቢያው የራቀ ይመስለዋል፤ ውጤቱ ያው ዝቅታ ነው። አብዛኞቹ የዓይን ስህተቶች ወደ ታች መጎተታቸው ነው ክፋቱ።

የባሰው ሌሊት ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኮንራድ ክራፍት የሚባል የቦይንግ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህን በሲሙሌተር ፈተነው። ከማኮብኮቢያው በፊት ያለው መሬት ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከማኮብኮቢያው ማዶ ደግሞ ወደ ላይ በሚያዘነብል መሬት ላይ የከተማ መብራት አለ። ልምድ ያላቸው አብራሪዎች የከፍታ መለኪያ ሳያዩ በዓይናቸው ብቻ እንዲወርዱ ተደረገ። አብዛኞቹ ከሚገባው በታች ወረዱ፤ መሬት የሚመቱም ነበሩ። ሁሉም ግን ትክክል ነን ብለው ነበር የሚያስቡት።

እስኪ የድሬን አቀማመጥ አስቢው። አየር ማረፊያው ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ነው። ከዚያ አቅጣጫ በጨለማ የሚመጣ አብራሪ ከሥሩ መብራት የሌለው ቆላ አለ። ከፊቱ ማኮብኮቢያው፣ ከዚያ ማዶ ወደ ተራራው እያዘነበለ የሚሄደው የድሬ መብራት። ክራፍት ከሳለው ሥዕል ብዙም አይርቅም። ይህ ድሬን አደገኛ አያደርጋትም። እንዲህ ዓይነት አየር ማረፊያ በዓለም ላይ ሞልቷል። ግን ሌሊት ወደዚህ የሚመጣ አብራሪ በዓይኑ ብቻ መውረድ የለበትም። ተማሪዎቼን ስለ ድሬ ሳስተምር መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው።

ለዓይን መድኃኒቱ ምንድን ነው? አንዱ ፓፒ የሚባለው መብራት ነው። ከማኮብኮቢያው ጎን፣ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል፣ በአንድ ረድፍ የተተከሉ አራት መብራቶች ናቸው። ሁለቱ ነጭ፣ ሁለቱ ቀይ ሆነው ከታዩ መስመሩ ላይ ነሽ። ነጩ ከበዛ ከፍ ብለሻል፣ ቀዩ ከበዛ ዝቅ ብለሻል። አራቱም ቀይ ከሆኑ በጣም ዝቅ ብለሻል ማለት ነው። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ብዙ ነፍስ አድኗል። ግን ማየት ብቻ አይበቃም፣ ላዩት ነገር መልስ መስጠት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 2002 ገና ሳይነጋ አንድ የፌዴክስ ቦይንግ 727 የጭነት አውሮፕላን ወደ ታላሃሲ፣ ፍሎሪዳ እየወረደ ነበር። ከታች መብራት የሌለው ጫካ ነው። ፓፒው ቀይ እያሳየ፣ አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው በፊት ዛፍ መታና ተከሰከሰ። ሦስቱ የበረራ ሠራተኞች ክፉኛ ቆስለው ተረፉ። መርማሪዎቹ ድካምን አነሱ፤ መስመሩን አለመከታተልን አነሱ። ሌላም ነገር አገኙ። ያበርር የነበረው ረዳት አብራሪ ቀለም የመለየት ችግር ነበረበት። ቀይና ነጭ መለየት ለሚያስፈልገው መብራት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል። የአብራሪ የሕክምና ምርመራ ላይ የቀለም ፈተና ለምን ጥብቅ እንደሆነ ለሚጠይቁኝ ወጣቶች ይህንን ነው የምነግራቸው።

አሁን ወዳየሽው ቪዲዮ። ኤሽያና የተባለው የደቡብ ኮሪያ አየር መንገድ በረራ 214 ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 2013 ከሴኡል ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የመጣ ቦይንግ 777። 307 ሰዎች ነበሩበት፤ 3 ሞቱ። ቀኑ ብራ ነበር፣ ማኮብኮቢያው ከሩቅ ይታይ ነበር። የመውረጃውን ማዕዘን ለአውሮፕላኑ በሬዲዮ የሚያሳየው ግላይድ ስሎፕ በግንባታ ምክንያት ተዘግቷል። ፓፒው ግን ይሠራል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ያ አውሮፕላን መጀመሪያ ላይ ዝቅ ብሎ አልነበረም። ከፍ ብሎ ነበር። ከመስመሩ በላይ ስለሆነ ቶሎ መውረድ ነበረበት። አብራሪው ኃይሉን ሾፌሮች ሚኒሞ ወደሚሉት አወረደው። በዚያ መሃል የተመረጠው የአውቶ ፓይለት አሠራር አውቶ ትሮትሉን አስተኛው። አውቶ ትሮትል ማለት ፍጥነት ሲቀንስ ራሱ ኃይል የሚጨምረው መሣሪያ ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ግን ፍጥነት ቢወድቅም አይነቃም። አብራሪዎቹ እየጠበቀልን ነው ብለው ነበር።

500 ጫማ ላይ፣ ማለትም 150 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርሱ፣ መስመሩ አካባቢ ነበሩ። ፍጥነቱም ለዓይን ደህና ነበር። ሥዕሉ ያማረ ነው። ግን ሞተሩ አሁንም ሚኒሞ ላይ ነው። በደቂቃ 1,200 ጫማ ያህል እየወረዱ ነበር፤ መሆን የነበረበት 700 ገደማ ነው። ቦታውና ፍጥነቱ ለአንድ አፍታ ትክክል ሆነው ታዩ እንጂ የሚያቆያቸው ኃይል አልነበረም። ደንቡ እዚያ ላይ ጎ-አራውንድ ያዛል። እነሱ ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ፓፒው እየቀላ ሄዶ አራቱም ቀይ ሆኑ።

አውሮፕላን ዝቅ ሲል የማንኛውም ሰው እጅ አፍንጫውን ወደ ላይ ይስባል። ኃይል ከሌለ ይህ የባሰ ነገር ያመጣል። አፍንጫው ቀና ሲል አየሩ የበለጠ ይጎትተዋል፣ ፍጥነቱ ይወድቃል። ፍጥነቱ ሲወድቅ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል፣ አውሮፕላኑ ይበልጥ ይሰምጣል። አብራሪው እንደገና ይስባል። መሆን የነበረበት ፍጥነት 137 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ነበር፤ 103 ኖት ደረሰ። 200 ጫማ አካባቢ ችግሩን አወቁ። ጎ-አራውንድ የጀመሩት ግን ከ100 ጫማ በታች ነው። የጄት ሞተር ከሚኒሞ ተነስቶ በቂ ኃይል እስኪሰጥ ሰከንዶች ይወስዳል፤ አውሮፕላን ፈቃድ ሲሰጠው የሚጠየቀው በ8 ሰከንድ ውስጥ እንዲደርስ ነው። በደቂቃ 1,200 ጫማ የሚወርድ አውሮፕላን በ8 ሰከንድ 49 ሜትር ይወርዳል። ከ100 ጫማ በታች ማለት ከ30 ሜትር በታች ነው። ቁመቱ አይበቃም። ጎማውና ጅራቱ ከማኮብኮቢያው በፊት ያለውን የባሕር መከላከያ ግንብ መቱ።

በነገራችን ላይ ተመሳሳይ ወጥመድ ቀደም ብሎም ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 2009 የቱርክ አየር መንገድ በረራ 1951 አምስተርዳም አቅራቢያ ማኮብኮቢያው ጋ ሳይደርስ ሜዳ ላይ ወደቀ። 9 ሰዎች ሞቱ። ከመሬት ያለውን ቁመት የሚለካው አንዱ መሣሪያ ተበላሽቶ አውሮፕላኑ ገና በሰማይ እያለ መሬት ላይ ነው አለ። አውቶ ትሮትሉም አመነውና ኃይሉን ወደ ሚኒሞ አወረደ። ሰዎቹ ፍጥነቱ መውደቁን ያዩት ዘግይተው ነው።

ወደ ኤሽያና ልመለስ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከቴክኒኩ ይልቅ በኮክፒቱ፣ በአብራሪዎቹ ክፍል፣ ውስጥ የነበረው ነገር ነው። ያበርር የነበረው ካፒቴን ወደ 9,700 ሰዓት የበረረ ነው። በ777 ላይ ግን ገና 45 ሰዓት እንኳ አልሞላውም ነበር። አጠገቡ አሠልጣኙ ተቀምጧል። አሠልጣኙም በአሠልጣኝነት የመጀመሪያ በረራው ነበር። ከኋላ ሦስተኛ አብራሪ አለ። የሚያበርረው ሰው ያለ ግላይድ ስሎፕ በዓይን መውረዱ እንዳስጨነቀው ለመርማሪዎች ተናግሯል። ጎ-አራውንድ የማዘዝ ሥልጣን ያለው አሠልጣኙ ነው ብሎ ያስብ ነበር። አሠልጣኙ ደግሞ ተማሪው ያስተካክለዋል ብሎ ጠበቀ። ሁለቱም እየተጠባበቁ መሬቱ ደረሰ።

ይህ ለኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ታላቅ ሲናገር ዝም ማለት፣ አለቃን በሰው ፊት አለማረም በቤታችን የተማርነው ነው። ጥሩ ጨዋነት ነው፤ ኮክፒት ውስጥ ግን ይገድላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1997 የኮሪያ አየር በረራ 801 ጉዋም ደሴት ላይ ማኮብኮቢያው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ኮረብታ መታ። ከ254 ሰዎች 228ቱ ሞቱ። ሌሊት ነበር፣ ዝናብ ነበር፣ እዚያም ግላይድ ስሎፑ አይሠራም። ካፒቴኑ ዝቅ ብሎ እየወረደ ረዳቱና የበረራ መሐንዲሱ በጊዜና በኃይል አላስቆሙትም። መርማሪዎች ይህንን በግልጽ ጽፈዋል። ስለዚህ ነው እኛ በሥልጠና ወጣቱን ረዳት አብራሪ ደፍሮ እንዲናገር የምናስገድደው። ሲሙሌተር ውስጥ ሆን ብዬ ካፒቴኑን አሳስተዋለሁ፤ ረዳቱ ዝም ካለ በረራው ይደገማል። ከሁለቱ አንዱ «ጎ-አራውንድ» ካለ ክርክር የለም። መጀመሪያ መውጣት፣ ወሬው ኋላ።

የከፍታ መለኪያውን ነገር ሳልነግርሽ ባልፍ ቅር ይለኛል። ዋናው የከፍታ መለኪያ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው። የዕለቱን ግፊት ተቆጣጣሪው በሬዲዮ ይነግራቸዋል፣ አብራሪዎቹ ቁጥሩን ያስገባሉ። ግፊቱ የሚለካው ሄክቶፓስካል በሚባል መለኪያ ነው፤ በ1 ሄክቶፓስካል ስህተት ወደ 28 ጫማ ይዛባል። 10 ሲሆን 280 ጫማ ነው፣ 85 ሜትር ገደማ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2022 ፓሪስ ሻርል ደጎል ላይ ትክክለኛው ግፊት 1001 ሆኖ ሳለ ተቆጣጣሪው ለአንድ ኤርባስ 320 አብራሪዎች 1011 አለ። አብራሪዎቹ ያንኑ አስገቡ። ደመናና ዝናብ ነበር። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ከመሬት 6 ጫማ ላይ ደረሰ። 2 ሜትር አይሞላም! ውስጥ ያለው የመሬት ማስጠንቀቂያ አልጮኸም። አብራሪዎቹ ማኮብኮቢያውን ስላላዩ በደንቡ መሠረት ጎ-አራውንድ አደረጉና ወጡ። በሁለተኛው ሙከራም ቁጥሩ ያው ነበር፤ ግን መብራቶቹን ስላዩ አስተካክለው አረፉ። ማንም አልተጎዳም። አንድ አሃዝ በሬዲዮ መሳሳት ይህን ያህል ያደርሳል። ጎ-አራውንድ የሚባለው ነገር ዋጋው የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ምን እንደተሳሳተ እንኳ ሳያውቁ አተረፋቸው።

ማስጠንቀቂያ ስል፣ ይህን መሣሪያ የሠራው ዶናልድ ቤትማን የሚባል መሐንዲስ ነው። አሜሪካ መሣሪያውን ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 ዋሽንግተን አቅራቢያ አንድ ቦይንግ 727 ዝቅ ብሎ ተራራ መትቶ 92 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። አሁን የመሣሪያው ዘመናዊ ዓይነት የዓለምን መሬት በካርታ ይዟል፤ «ቱ ሎው ቴሬይን» (ለመሬቱ በጣም ዝቅ ብለሃል)፣ «ፑል አፕ» (ወደ ላይ ሳብ) እያለ ይጮኻል። ተራራ በከበባት እንደ ድሬ ባለች ከተማ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ድሬ የራሷ ፈተናም አላት። ሙቀቷ። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። ከፍታውም ተጨምሮበት፣ በ35 ዲግሪ ቀን የድሬ አየር በ7,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ይሆናል። ጠቋሚው 140 ኖት ሲል አውሮፕላኑ በእውነት 155 ገደማ እየሄደ ነው። መስመሩን ለመጠበቅ ትንሽ ፈጠን ብሎ መውረድ አለበት፤ ለጎ-አራውንድ ያለው ኃይልም ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ከበረራ በፊት ይሰላል። አዲስ አበባ ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የኛ አብራሪዎች ስስ አየር የዕለት እንጀራቸው ነው። ወደ ድሬ የሚመጣው ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ከሆነ ደግሞ ፕሮፔለሩ ኃይል ሲጠየቅ ከጄት ይልቅ ቶሎ ይመልሳል።

ታዲያ ጎ-አራውንድ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ሁሉም አያደርገውም? የበረራ ደኅንነት ፋውንዴሽን ያደረገው ጥናት አለ። የፍጥነት፣ የመስመርና የኃይል መስፈርቱን ሳያሟሉ ከሚወርዱ 100 አውሮፕላኖች ውስጥ ወደ 97ቱ ማረፋቸውን ይቀጥላሉ። የሚዞሩት 3 ያህል ናቸው። የቀጠሉት ሁሉ ማለት ይቻላል በሰላም ያርፋሉ። ችግሩም ይኸው ነው። ደጋግሞ ሲሳካ ደንቡ ትርፍ ነገር ይመስላል። ሌላው ሰበብ ተሳፋሪ ነው፤ ይህን በግልጽ ልንገርሽ። አብራሪ ሲዞር ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ «አልቻለበትም» ይላል፣ ይቀርጽና ይለጥፋል። ወጣት አብራሪ ይህን ይሰማል። ብዙ አየር መንገዶች ጎ-አራውንድ ያደረገ አብራሪ እንደማይጠየቅበት በደንብ ጽፈዋል። ከተሳፋሪውም ያንኑ ያህል ልብ ብናገኝ ደስ ይለኛል። አጠገብሽ የነበረው ሰው ፈርቶ ነው የተናገረው፣ አልቀየምበትም።

ለእናትሽ እንግዲህ እንዲህ በያት። አውሮፕላኑ ዞሮ መምጣቱ ሥራው በደንብ መሠራቱን ያሳያል። ከአዲስ አበባ ድሬ በመኪና ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቁልቁለቱን፣ ሌሊቱን፣ የከባድ መኪናውን ጋጋታ እሷም ታውቀዋለች። የሕዝብ ማመላለሻ አውሮፕላን ከዚያ መንገድ እጅግ ይሻላታል። ባቡሩም አለ፤ ምርጫው የእሷ ነው። በፍርሃት ግን አትምረጥ።

ሁለት ነገር አደራ በያት። ቀበቶዋን አውሮፕላኑ ቆሞ መብራቱ እስኪጠፋ አትፍታ። ኤሽያና ላይ ከሞቱት ሦስቱ ሁለቱ ቀበቶ አላሰሩም ነበር፤ ከአውሮፕላኑ ተወርውረው ነው የወጡት። መርማሪዎቹ ቢያስሩ ኖሮ ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር ጽፈዋል። እኛ አገር ደግሞ ጎማው መሬት ሳይነካ ብድግ የሚል ሰው አለ፤ ዕቃ ለማውረድ። ሁለተኛው ዕቃው ነው። በአደጋ ጊዜ ውጡ ከተባለ ቦርሳ አይነሳም። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ አንድ ሻንጣ ከኋላ ያለውን ሰው ሁሉ ያግዳል።

ሌላ ቀን ሞተሩ ቢጮህና ወደ ላይ ብትወጡ ካፒቴኑ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ቢል አትደንግጡ። እጁ ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ ያበርራል፣ ቀጥሎ አቅጣጫውን ያስተካክላል፣ ከዚያ ተቆጣጣሪውን ያናግራል። ለእናንተ የሚናገረው በመጨረሻ ነው። ከወረዳችሁ በኋላ በሩ ላይ ካገኛችሁት ግን ለምን እንደዞረ ጠይቂው። በደስታ ይነግርሻል። እናትሽም ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ከራሱ አፍ ብትሰማው ይሻላታል።